የጥር ሃያ ሦስት ቀጠሮ

በሞላሌ ምድር ከእኔ በፊት የሰው ሆድ ውስጡን ያየ የለም፤ ያውም ሰውየው በሕይወት እያለ፣ እያወራኝ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ደብረ ብርሃን ገበያ በርኖስና ባና ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከእኔ ሱቅ በርኖስ ያልለበሰ ሹም፣ ከእኔ ሱቅ ባና ያልተከናነበ አዛውንት በሰሜን ሸዋ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። የማወራውን አውቃለሁ። ነገሩ የሆነው በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኀ ጥር ነው። ዐሥር ዓመቴ ነበር። ሆዱ የታየው ሰው ደግሞ አባቴ ነበር።

አባቴ ትዕዛዙ በርኖስ ሰፊ ነበር። ከግሼ እስከ መርሐ ቤቴ የእሱን ስፌት የሚስተካከል አልነበረም። እናቴ ሸዋረጋ ይህን ስትሰማ «ከገበያው አናት እስከ ወንዙ በይው ልጄ፣ ይበቃዋል» ትለኛለች። ይሁንላት። በገበያ ቀን የእግር ስፌት መኪናውን ከቤት አውጥቶ ከቆርቆሮው ታዛ ሥር ያቆማል። ጥቁሩን የበግ ፀጉር ጨርቅ ጭኑ ላይ ከምሮ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ይሰፋል። ሰው ሲያጫውተው አፉን መክፈት ስለማይችል የሚስቀው በትከሻው ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየ ገበያተኛ ሁሉ ምን እንደተባለ ሳይሰማ አብሮ ይስቃል።

ከዚያ ኅዳር ጀምሮ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው በሳቅ መሆኑ ቀረ። በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ወዲያው ደግሞ ሸሚዙ በላብ ይርሳል። ቀኝ ጎኑን ከጎድን አጥንቱ ሥር በመዳፉ ደግፎ በአንድ እጁ ይሰፋ ጀመር። ጎረቤት ምች ነው አለ። ክሊኒኩ ወባ ነው አለ፤ ወባ በዚያ ብርድ ከእኛ ጋር ልትኖር! ደብረ ብርሃን ያየው ሐኪም ግን እጁን ጎኑ ላይ አሳርፎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ጉበቱ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ነገረውና አዲስ አበባ ሄዶ በመሣሪያ እንዲታይ ወረቀት ጻፈለት።

እማዬ ከብቱንና በጎቹን ጥላ መሄድ ስላልቻለች አብሬው እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። አራተኛ ክፍል ነኝ፤ የበር ላይ ጽሑፍ አነባለሁ። አባዬ የሚያነበው የክንድ ልክ ብቻ ነበር። እማዬ በአገልግል ስንቅ ቋጥራ፣ የሚነግሩትን ሁሉ አንድም ሳይቀር በጭንቅላቴ ይዤ እንድመለስ አደራ አለችኝ። እንዲህ ያለ አደራ ለእኔ ሹመት ነበር። በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠን ከሞላሌ መዘዞ፣ ከመዘዞ ጣርማ በር ስንወርድ ለሾፌሩ ስለ አባቴ ሕመም ሦስት ዓይነት ታሪክ ነገርኩት። በሦስተኛው ላይ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ አባዬን ሊስመው ምንም አልቀረው።

ሆስፒታሉ የተራራ ያህል ነበር። ዛሬ በአጠገቡ ሳልፍ አራት ፎቅ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት የማስታውሰው ሲስተር ማዕረግን ነው፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አጠር ያለች ሴት። አባዬን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ሊደረግለት ያለውን አንድ በአንድ ነገረችው። በኋላ ስንት ሐኪም ቤት ደጅ ጠናሁ፤ እንደ እሷ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ብዙ አላየሁም።

አይቀድዱዎትም፣ አለችው። አያስተኙዎትምም፤ ነቅተው ሁሉን ይሰማሉ። ጎንዎ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት እንቀባለን፣ ከዚያ ሐኪሙ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ቆዳዎ ላይ ያስኬዳል፤ አልትራሳውንድ ይባላል፣ የውስጥዎን ሥዕል ቴሌቪዥን ላይ ያወጣዋል። ቆዳዎን በማደንዘዣ እናደነዝዛለን፤ ያቺ እንደ ጉንዳን ትነክሳለች። ከዚያ ሐኪሙ ሥዕሉን እያየ ረጅም ቀጭን መርፌ ያስገባል። ሲጫንዎት ይሰማዎታል እንጂ ሕመሙ ብዙ አይደለም። ትንፋሽ ይያዙ ሲባሉ ይይዛሉ። ከጨረስን በኋላ በቀኝ ጎንዎ አራት ሰዓት ይተኛሉ። ትከሻዎን ቢያምዎት አይደንግጡ፤ ግን ይንገሩኝ።

አባዬ ይህን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ የሰፊ እጅ ከተንቀጠቀጠ መርፌው ጨርቁን ያበላሻልና የሐኪሙ እጅ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ። ሲስተር ማዕረግ አልሳቀችም። ሐኪሙ የሚወጋው እያየ ስለሆነ ካላየ እንደማይወጋ ነገረችው። እሱም «እንግዲያው ከእኔ ይሻላል፤ እኔ በለመደው እጅ ነው የምወጋው» አላት።

ቢቀልድም ፈርቶ ነበር። ወደ ክፍሉ ሲገባ እጄን ስላለቀቀ አብሬው እንድገባ ተፈቀደልኝ፤ እኔ የመሰለኝ ግን ማንበብ ስለምችል ነው። አልጋው ላይ ሲወጣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁት። «እመቤቴ፣ ከዚህ አልጋ በእግሬ ከወረድኩ የመቅደስሽን መጋረጃ በእጄ እሰፋለሁ» ነበር ያለው። ልብ በሉልኝ፤ ስእለቱ ከአልጋው ለመውረድ ብቻ ነበር። አባቴ ልከኛ ሰው ነበር፤ ማርያምንም ቢሆን ብዙ አላስቸገራትም።

መብራቱ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ላይ የጓሳ ጉም የመሰለ ግራጫ ነገር መጣ፤ ይጎተታል፣ ይገላበጣል። ከጉሙ መሐል አንድ ድፍን ጥቁር ጉድጓድ ተገለጠ። አባዬ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ምን እንደሚታየኝ ጠየቀኝ።

«ሐይቅ ነው» አልኩት።

«ዓሣ አለው?»

ሐኪሙ ሆዱ እንዳይንቀሳቀስ ሳቁን እንዲያቆም ለመነው። ከዚያ ትንፋሹን አስያዙት። ከጉሙ ጥግ አንዲት ነጭ ቀጭን መስመር እየተገፋች መጣች፣ ትንሽ ቆመች፣ አቅጣጫዋን አስተካክላ ሐይቁ ውስጥ ገባች። አባዬ እጄን ጨበጠ። ሐኪሙ ከመርፌው ጫፍ እየሳበ፣ እየሳበ፣ ቡናማ ወፍራም ፈሳሽ ጠርሙስ ውስጥ ያንቆረቁር ጀመር። ሐይቁ ዓይኔ እያየ ጎደለ። እንዲህ ያለ ተአምር አይቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም አላየሁም። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በመጨረሻ መርፌው የወጣበት ቀዳዳ በአንዲት ትንሽ ፕላስተር ተሸፈነ። አባዬም በእግሩ ወረደ።

በቀኝ ጎኑ ተኝቶ አራቱን ሰዓት ሲጨርስ፣ ከኅዳር ወዲህ ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ ራበው። ዳቦውን ከእኔ እጅ ነጥቆ በላ። ትኩሳቱ ለቆት፣ ፊቱ ተፈትቶ፣ ጎኑን መዳፉ ሳይደግፈው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ያኔ ነው ሲስተር ማዕረግ የክኒን ከረጢትና ካርድ ይዛ የመጣችው።

«አባት፣ ይህን በደንብ ይስሙኝ» አለችው። «ቀለለኝ ብለው እንዳይቀሩ። ቀዳነው እንጂ አልደረቀም፤ ተመልሶ ይሞላል። ክኒኑ የዐሥራ አራት ቀን ነው፤ የቀረውን መድኃኒት የምንሰጥዎት የፈሳሹ ምርመራ ሲደርስ ነው። ደግመን በመሣሪያው እናያለን፤ ካስፈለገ ደግመን እንቀዳለን። ጥር ሃያ ሦስት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ አንባቢዋ፣ ቀኑን ያዢልኝ።»

ያዝኩላት። እስክትስቅ ድረስ አምስት ጊዜ ደግሜ አልኩላት።

አምና እኔም አንገቴ ላይ ለወጣችው እንቅርት በአልትራሳውንድ እያዩ በመርፌ ናሙና ወሰዱልኝ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ እንቅርት በዘመኑ አላየም፤ ባይለኝም ከፊቱ ገብቶኛል። ወጣቷ ነርስ ቀዝቃዛ ቅባት፣ እንደ ጉንዳን የምትነክስ ማደንዘዣ፣ ትንፋሽ መያዝ እያለች ስታስረዳኝ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር። ፈርቼ መስሏት እጄን ያዘችኝ። ከወጣሁ በኋላ አብራኝ የመጣችው እማዬ ያን ዓመት የሆነውን፣ ሠላሳ ዓመት በሆዷ የያዘችውን ነገረችኝ። ከዚህ በታች ያለውን ግማሹን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሞላሌ ስንመለስ የሚጠብቀኝ ሕዝብ ነበር። ሕዝብ ያልኩት ስድስት ሰባት ጎረቤት ነው። አባዬ መንገድ አድክሞት ስለተኛ ወሬውን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን ከዚያ በፊትም በኋላም አላገኘሁም። መሣሪያው የቤተ ክርስቲያኑን ያህል ነው አልኩ። መርፌው የጦር ያህል ነው። ሐኪሞቹ ሰባት፣ ከእነሱም ሦስቱ ፈረንጆች። ከአባዬ ጎን የተቀዳው ሁለት እንስራ ሞልቶ ሦስተኛውን ጀመረ። በማግስቱ ደግሞ ሌሎች ሲመጡ እንስራው አራት ሆነ። አባዬ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ፣ ያዳምጠኛል። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ትከሻ ለማየት ስል አምስተኛ እንስራ ጨመርኩ።

አንድም ጊዜ አላረመኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ሰዎቹ ሲወጡ ጠርቶኝ፣ «እንስራውን ቀንሺው፤ እኔ እኮ እንዲህ ወፍራም አይደለሁም» አለኝ።

በዚያ ሰሞን ቀን ከሌት መጋረጃውን ሰፋ። ቀይ ከፋይ ገዝቶ፣ ዳር ዳሩን በወርቅማ ጥለት ከፍፎ ለጥር ሃያ አንድ፣ ለአስተርእዮ ማርያም አደረሰው። በእኛ አገር ስእለቱ የደረሰለት ሰው በበዓሏ ቀን ዕቃውን ይዞ ይቀርባል፤ ቄሱ ምን ታሞ፣ ምን ተስሎ፣ እንዴት እንደዳነ ለሕዝቡ ያሰማሉ፣ እልልታ ይቀልጣል። ያ እልልታ እንግዲህ ማኅተም ነው። ስእለቱን አስገብቶ በዚያው ሕመም ተመልሶ ሐኪም ቤት የሚሄድን ሰው አይደረግም የሚለው የለም፤ ግን ሰው ያየዋል። የማርያምን ፈውስ ሊያስመረምር ሄደ ይባላል።

አባዬ ይህን ያውቃል። አስቀድሞም ለመምሬ ገብረየሱስ፣ ስእለቱ ከመርፌው ተርፎ ለመነሣት ብቻ እንደሆነ፣ ሕክምናው ገና እንዳላለቀ፣ ሃያ ሁለት ንጋት ላይ በጭነት መኪናው እንደሚሄድ ነግሯቸው ነበር። እሳቸውም ይሁን ብለው ነበር። ይህን እማዬ አምና ነገረችኝ። የዚያን ቀን ጠዋት እኔ ያየሁት በሶና ጋቢ የታጨቀ ከረጢት በሩ ጥግ መቀመጡን ነው። ወደ መሐል ሜዳ ገበያ የሚሄድ መሰለኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዛፎቹ ሥር ሞልቶ ነበር። መጋረጃው ሲዘረጋ ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መምሬ ገብረየሱስ ወንድማችን ትዕዛዙ ከሐኪም መርፌ ተርፎ ለዚህ በቅቷል አሉ። እልልታው ሳሳ ያለ ነበር፤ ከመርፌ መትረፍ ምን ይደንቃል? ሳሳ ያለ እልልታ ለአባቴ መጋረጃ! ተናደድኩ። መምሬም ይህ ገብቷቸው ይሆን ወይም ደስ ሊያሰኙኝ፣ «በዓይኗ ያየችው ልጁ ናት፤ እስቲ ያየሽውን መስክሪ» ብለው በትከሻዬ ገፋ አደረጉኝ።

መሰከርኩ። ጉሙን፣ ሐይቁን፣ ጦሩን፣ እንስራዎቹን። ሕዝቡ እየተጠጋ መጣ። ዝምታው ጣፈጠኝ። ታሪኩ ሲያልቅ ግን መጨረሻ እንደሌለው ገባኝ፤ ዳቦ በላን፣ መኪና ተሳፈርን ብሎ በማርያም ደጅ ምን ታሪክ ይዘጋል? ስለዚህ ዘጋሁት።

«ሐኪሙ አባዬን እንዲህ አለው፤ ‹ሂድ፣ ከእንግዲህ እዚህ ደጅ እንዳትመጣ። አንተ ላይ አንዳች የቀረ ነገር የለም›።»

እልልታው ዛፎቹን አናወጠ። አሮጊቶች ከመሬት ተደፉ። መምሬ ገብረየሱስ መስቀላቸውን አነሡ። አባዬን ፈልጌ አየሁት። አቀርቅሮ የመጋረጃውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ያለሰልስ ነበር። ስፌቱን የሚያይ መሰለኝ፤ ስፌቱ ግን ምንም አልነበረበትም።

ቀኑን ረስቼ አይደለም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ጥር ሃያ ሦስት፣ ጥር ሃያ ሦስት፣ አምስት ጊዜ ያልኩት ልሳኔ ላይ ነበር። ግን በማርያም ደጅ፣ በዚያ ሁሉ እልልታ መሐል የተነገረ ነገር እውነት የሚሆን መሰለኝ። የተናገርኩትን እሷ የምትፈጽመው መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከጓሮ በኩል ሳልፍ እማዬና አባዬ ቤት ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነጋገሩ ነበር። የሰማሁት የአባዬን የመጨረሻ ቃል ብቻ ነው፤ «እሷ ተናግራለች፤ አለቀ። አልሄድም።» ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! በእኔ ቃል አባቴ ገበያ ሊሄድ የነበረውን ሰረዘ። ከረጢቱን ገብቼ ራሴ ፈታሁት፤ በሶውን ወደ ቅሉ መለስኩ፤ ጋቢውን አጠፍኩ። እማዬ ስሠራ ቆማ አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያልሰማሁት ይህን ነበር። እማዬ ማልዶ እንዲሄድ ለምናው፣ መኪናው የሚቆመው ገበያው መሐል እንደሆነ፣ ወዴት ነህ ቢሉት ምን እንደሚመልስ ጠየቃት። እውነቱን ንገራቸው አለችው። «እውነቱን ካልኩ ልጄ በማርያም ደጅ ዋሸች ማለት ነው» አላት። «ፈንታን አታዪውም? በአንዲት በግ በሐሰት ማለ ተብሎ፣ ይኸው ሃያ ዓመቱ፣ ቃሉን ማኅበር የሚቀበለው አለ? እሱ ወንድ ነው። እሷ ገና ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ይህ ስም ከወጣላት ባል ቤት ድረስ ይከተላታል። ደግሞ እይኝ፣ ምን ሆንኩ? ደኅና ነኝ።»

እማዬ ይህን ነግራኝ ስታበቃ መርፌውንም ፈርቶ ነበር ብላ ጨመረች። ምናልባት እውነት ነው። ምናልባት እኔን ለማጽናናት የሰፋችው ቁራጭ ነው። አልጠየቅኋትም።

ሃያ ሁለት ንጋት ላይ መኪናው ገበያው መሐል ሦስት ጊዜ ጥሩምባውን ነፋ። ሾፌሩ አባዬን ቃል አስይዞት ነበርና ደጃችን ድረስ መጥቶም ጠበቀ። አባዬ ነቅቶ ነበር። የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ፣ ጨርቅ ሳያስገባ፣ ጎማውን በእጁ ቀስ እያለ ያዞራል። የጭነት መኪናው ድምፅ ወደ መዘዞ እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ አዞረው።

ለዐሥር ቀን ያህል እኔ ትክክል ነበርኩ። ሰው «እንኳን ማረችህ» እያለ ይመጣል፣ አባዬም ጋቢውን ተከናንቦ ይቀበላል፣ እኔ እመሰክራለሁ። ክኒኑ አልቆ ነበር። ከጋቢው ሥር መዳፉ ወደ ጎኑ መመለሱን አላየሁም፤ ወይም አይቼ ብርድ ነው ሲል አመንኩት። እንግዶች ፊት ላብ ሲያጠምቀው ቤቱ ሞቀ አልኩላቸው። አንድ ቀን የጀመረውን በርኖስ አንዱን እጅጌ ከሌላው አስረዝሞ ሰፋው። እማዬ እጅጌውን በእጇ ይዛ አየችውና ወጥታ ሄደች። ስትመለስ አራት ወንዶች አስከትላ ነበር።

የካቲት ዐሥራ አንድ፣ በገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አባዬን በቃሬዛ ይዘው ወደ መኪናው ወሰዱት። ሞላሌ በሙሉ ቆሞ ያያል። እኔ መሬት ብትውጠኝ እያልኩ ከኋላ እከተላለሁ። አንድ ሰው አልሳቀም። አንድ ሰው ድኗል ያልሽው እንዲህ ነው እንዴ አላለኝም። ፈንታ ራሱ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ ነበር። መምሬ ገብረየሱስ የለበሱትን በርኖስ አውልቀው አለበሱትና ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ያ ስም፣ ያ እስከ ባል ቤት ይከተላታል ያለው ስም፣ እስከ ዛሬ ወጥቶልኝ አያውቅም። ጉረኛ ይሉኛል፤ ውሸታም ያለኝ ግን የለም።

ከእማዬ ጋር ሆስፒታሉ ስንደርስ ያው ሐኪም ነበር። ያንኑ ካርድ አገላብጦ አየና አባዬን የቀጠሮው ቀን ለምን እንደቀረ ጠየቀው።

አባዬ «መኪና አጣን ዶክተር» አለ።

ይህን ጊዜ እኔ ነኝ የተቆጣሁ። ሞላሌ መኪና ያጣች አገር ናት ተብላ በአዲስ አበባ ሰው ፊት ልትዋረድ! «መኪና ነበረ እንጂ» አልኩ፤ «ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቷል፤ ደጃችን ድረስ መጥቶ ቆሟል።»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ሐኪሙ አባዬን ተመለከተው። አባዬ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ እንዳላፈረብኝ ሊያሳየኝ ይመስለኛል ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ልክ ናት» አለ። «መኪና ነበረ። እኔ ነኝ የሰነፍኩ።»

ሲስተር ማዕረግ እንደዚያን ጊዜው አጠገቡ ተቀመጠች። ቅባቱም ማደንዘዣውም ያው እንደሆነ፣ ዛሬ ግን መርፌው ከጎኑ ቱቦ ትቶ እንደሚወጣ፣ ቱቦውም ብዙ ቀን እንደሚቆይ ነገረችው። መግሉ ጉበቱን ቀድዶ ወደ ሆዱ እንደወረደ፣ ይህም ምናልባት በመርፌ ብቻ እንደማይመለስ ቀስ ብላ ነገረችው። አንዱንም አልደበቀችውም። አባዬ ሰምቶ ሲያበቃ እኔ ውጭ እንድጠብቅ፣ እማዬ እንድትገባ ጠየቀ። ማንበብ እንደምችል አስታወስኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። «ዛሬ እናትሽ ታንብብልኝ።» እማዬ ፊደል አትለይም።

አግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ክራንች የያዘ ወጣት፣ ከሸኖ ነኝ ያለች ሴትና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሴትየዋ ባሏ ነገ በዚያው መርፌ እንደሚቀዳ ነግራኝ አለቀሰች። ይህን ሰምቼ ዝም ልል ነው? አትፍሪ አልኳት። ግማሽ ሰዓት ነው፤ በእግሩ ይወርዳል፤ ዳቦ ከእጅሽ ነጥቆ ይበላል። ከዚያም ሁሉን ነገርኳቸው። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልፍ ዛሬ ሐይቁ ሁለት ሆኖ ይሆናል አልኩ። ሰዓት ሲሞላ ሰባቱ ሐኪሞች እየተማከሩ ነው አልኩ። ከውስጥ አንድ ሰው እየሮጠ ወጣ፣ ሌሎች ሁለት እየሮጡ ገቡ። ይኸው ፈረንጆቹ መጡ አልኩ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ዓይኔን ማየት አቆሙ። ክራንች የያዘው ወጣት ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። የሸኖዋ ሴት ብቻ እጄን ይዛ ታዳምጠኝ ነበር።

እንስራዎቹ ላይ ስደርስ በሩ ተከፍቶ ሲስተር ማዕረግ ወጣች። መነጽሯን አውልቃ ነበር፤ አባዬ ያን ቀን ከአልጋው በእግሩ እንዳልወረደ እኔ ገና አላወቅሁም። አጠገቤ ተቀመጠች። አላቋረጠችኝም። እልልታውን፣ መጋረጃውን፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ አትምጣ ማለቱን፣ ሐኪሙ ያላለውን ሁሉ፣ እስክጨርስ ድረስ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።  

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለችኝ።

ድምፅዋ የተለየ መሰለኝ። ግን እንዲህ ያለ አዳማጭ በየት ይገኛል? ወንበሩ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩና፣ እሷ ራሷ ያየችውን ሁሉ ምንም እንዳላየች አድርጌ፣ በጭነት መኪናው ጋቢና ከሞላሌ ስንነሣ ካለው ጀመርኩላት።